ሁለት ሰው የሚፈልገው ኩለር

አብኔዘር ላጲሶ ትልቁን ኩለር ለምን እንደመረጠ ለጠየቀው ሁሉ መልስ አያጣም ነበር። መልሶቹም እውነት ነበሩ። ዋናው ምክንያት ግን ከመልሶቹ መካከል አልነበረም፤ ለራሱም ቢሆን አፍ አውጥቶ አልነገረውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

የሚሠራው ሕንፃ ነው፤ ሲሚንቶ ግን ነክቶ አያውቅም። አርክቴክቶች የነደፉትን፣ መሠረቱ እንኳ ያልተቆፈረ ቤት፣ በኮምፒዩተር ተሠርቶ እንዳለቀ አስመስሎ በሥዕል ያወጣል። በረንዳው ላይ የጠዋት ፀሐይ ያሳርፋል፣ ግቢው ውስጥ ዛፍ ያቆማል፣ ሳሎኑ ውስጥ ቤተሰብ ሰብስቦ ያስቀምጣል። ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት በግንባታ አጥሮች ላይ ከሚታዩት ሥዕሎች አንዳንዶቹ የእሱ ናቸው። በሥዕሎቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁልጊዜ ማዕድ ከብበው ይስቃሉ። ሠሪያቸው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምሳውን ከድስቱ ቆሞ ይበላል፤ ሳህን ማቆሸሽ ለማን ብሎ።

እንዲህ ያለ ሥዕል ኮምፒዩተር ያደክማል። አብኔዘርም ሥራው ቶሎ እንዲደርስለት ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የማሽኑን አንጎል፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አድርጎታል። በሙያው ቋንቋ ኦቨርክሎክ ይሉታል፤ ገበሬ ቢያየው በሬን ከአቅሙ በላይ መጥመድ ይለው ነበር። ከአቅሙ በላይ የሠራ ፕሮሰሰር ደግሞ ይግላል። ግለቱን ከላዩ ላይ ተቀብሎ በፋን የሚያባርረው ብረት ነው ኩለር የሚባለው፤ አብኔዘር ማሽን ላይ የነበረው ግን ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣ ደቃቃ ነገር ነበር። ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ማሽኑ ሙቀቱን አልችል ብሎ ድርግም ይላል። እንደገና ከመጀመሪያው። ይኼኔ ቦሌ ካለ ቢሮ ሥራ የምትልክለት ብሩክታይት የምትባል አርክቴክት የድምፅ መልእክቷን ትልካለች። «አቢ በናትህ፣ ክላየንቱ አበደብኝ እኮ! የት ደረሰ?» በአካል ያያት አንዴ ብቻ ነው። ቢሆንም መልእክቷን ሁለቴ ይሰማዋል፤ ሰው ስሙን ሲጠራው የሚሰማው በአብዛኛው በሷ ድምፅ ሆኗልና።

ቤቱ ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ናኦሚ የምትባል ታናሽ እህት አለችው። አባታቸው አቶ ላጲሶ ቀድመው፣ እናታቸው ተከትለው ሲያልፉ እሷ ቦርሳዋ ከጀርባዋ የሚሰፋባት ተማሪ ነበረች፤ እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጎረምሳ። ዘመዶች ከሆሳዕና መጥተው ልጅቷን እንውሰዳት ሲሉ «እኔ አለሁላት» አለ። ያን ጊዜ መሥራት የሚችለው ምግብ ፓስታ ብቻ ነበር፤ ልጅቷ በፓስታ አደገች። አግባ ሲሉት፣ ናኦሚ አሥራ ሁለተኛን ትጨርስ አለ። ጨረሰች። ሥራ ትያዝ አለ። የበረራ አስተናጋጅ ሆነች። ከዚያ ጠያቂዎቹም ተዉት፤ ሰው አንድን ጥያቄ ስንት ዓመት ይጠይቃል?

እሷ እያለች ቤቱ ጫጫታ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብታ መዝሙር ታቀልጠዋለች፣ ቻርጀሩን ትወስድበታለች፣ ኮምፒዩተር ሲገጣጥም አጠገቡ ቁጭ ብላ ብሎን እያቀበለች «ይሄ ደግሞ ለምንድነው?» እያለች ታደርቀዋለች። አምና እዝራ የሚባል ልጅ አገባች፤ አብኔዘር በአባት ቦታ ቆሞ ዳራት። እዝራ ጨዋ ነው። ሊጠላው ሞክሮ አልሆነለትም።

የሄደችውም ሩቅ አይደለም፤ ገርጂ ነው፣ ከሰሚት አንድ ታክሲ። መጀመሪያ በረራ በሌላት ቁጥር ትመጣ ነበር። ኋላ አልፎ አልፎ ሆነ። ኋላ በስልክ ብቻ፤ ስልኩም ችኮላ ችኮላ ይለው ጀመር። ያገባች ሴት ናት፣ ቤት አላት፣ ምን ታድርግ ይላል አብኔዘር። ለምን ቀረሽ ብሎ አይጠይቃትም። ከጠየቃት በይሉኝታ ትመጣለቻ! በይሉኝታ የመጣች እህት ደግሞ አይፈልግም። ራሱ ገርጂ ሄዶ እንዳያንኳኳ፣ ሳይጠሩት የሙሽሮች ቤት መሄድ ነውር መሰለው። ሁለት መንገድ ነበረው፤ ሁለቱንም በጨዋነት ዘጋቸው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አብኔዘር ግን ለማልቀስ እንኳ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ነበር።

ሰበቡን ያገኘው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ ሞል ውስጥ ነው። ቶሚ የሚባል የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጭ አለ፤ ሱቁ ጠባብ፣ ወሬው ሰፊ። እንደነ ኩለር ያለው ዕቃ ሱቁ ውስጥ ባይኖርም ስልኩ ውስጥ ፎቶው አይጠፋም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ያለው ሁሉ ከቶሚ ጋር ተማክሮ ነው የሚያስመጣው።

«ብሮ፣ በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ለምን አታስመጣም? መብራቱ ራሱ ያሳብዳል» አለው ቶሚ።

«ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። በአየር የሚሠራ ነው የምፈልገው።»

«በአየር ከሆነ ሁለት ምርጫ አለህ።» ስልኩን ወደሱ አዞረለት። «ይቺ ትንሿ ናት፤ አንድ ፋን፣ በክሊፕ ጠቅ ጠቅ ታደርጋታለህ፣ አለቀ። ይሄ ደግሞ ግዙፉ ነው፤ ሁለት የብረት ግንብ፣ ሁለት ፋን፣ ከኪሎ በላይ ይመዝናል። እኔን ከጠየቅከኝ ትንሿ ትበቃሃለች። ሪቪው አላየህም እንዴ? ሁሉም ነው የሚያደንቃት።»

«እነሱ የሚሞክሩት ባሕር ጠለል ላይ ነው» አለ አብኔዘር። «እኛ ያለነው ተራራ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። እዚያ ሰባ ዲግሪ ያለችው እዚህ ሰማንያ ትላለች።»

«አንተ ደግሞ አሁን አየሩንም ልታማው ነው!»

ማማቱ አልነበረም፤ እውነቱን ነው። ሸገር ላይ ደረጃ የወጣ እንግዳ የሚያለከልከውም በዚሁ አየር ነው። ያንኑ ያህል ሙቀት ለመሸኘት እዚህ ከበድ ያለ ብረትና ብርቱ ፋን ያስፈልጋል። አብኔዘር ይህን በደንብ አስቦበታል፤ ለትልቁ ያደላበት የመጀመሪያ ምክንያቱም ይኸው ነበር። በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራው ባልኖረ።

«ትልቁ ግን ራስ ምታት ነው» አለ ቶሚ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዕቃውን የሚያማው ይመስል። «ከማዘርቦርዱ ጀርባ የሚገባ ብረት አለው። አንዱ ከኋላ አጥብቆ ይይዛል፣ አንዱ ከፊት በካቻቪቴ ያስራል። ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

አብኔዘር ፎቶውን እንደገና አየው። «ሁለት ሰው?»

«ሁለት ሰው። እርግጥ የኮምፒዩተሩን ኬዝ አጋድመህ፣ ብረቱን በካርቶን ደግፈህ ብቻህንም ትታገለዋለህ። ግን ምን አደከመህ?»

የመጨረሻውን አብኔዘር አልሰማም። ማለቴ ሰምቷል፤ ኮምፒዩተር ሲገጣጥም የኖረ ሰው ይህን ቶሚ ሊነግረው አያስፈልግም። ብቻ ያን ዕለት ከቦሌ ወደ ሰሚት ሲመለስ ታክሲው ውስጥ ጆሮው ላይ የቀረው «ሁለት ሰው ይፈልጋል» የሚለው ነበር። ደስ አለው። ዓመት ሙሉ ያጣውን ቃል ሌላ ሰው ያውም በሙያ ቋንቋ አውጥቶ አስቀመጠለት። ነይ፣ ናፍቀሽኛል በል ቢሉት የሚሞተው ሰው፣ ኩለሩ ሁለት ሰው ይፈልጋል ማለት ግን ይችላል።

ናኦሚ በማግስቱ ማታ ደወለች፤ ከኋላዋ የአውሮፕላን ማረፊያው ማስታወቂያ ይሰማል። «አቢዬ፣ ጓንግዡ ልወጣ ነው። ኩለር ምናምን ስትል ነበር፤ ላምጣልህ?»

«ፎቶውን እልክልሻለሁ። ግን ከባድ ነው፤ ሻንጣሽን ካጣበበብሽ ተዪው።»

«አንተ ብቻ ላክልኝ።»

«ደግሞ መግጠሙ ቀላል አይደለም» አለ። «ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

አለቀ፤ ተናገረ። በሱ ቤት በር ከፍቶ ግቢ ማለቱ ነው። ስልኩን ከጆሮው ላይ አጥብቆ ይዞ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ እኔ እይዝልሃለሁ» እስክትለው ጠበቀ።

«ሁለት ሰው?» አለች ናኦሚ። ድምፅዋ ውስጥ ሐሳብ ገባ። «እና ማን ይይዝልሃል?»

«አንቺ» ማለት ነበረበት። አንድ ቃል! ስድስት ኪሎ ድረስ ተምሮ፣ ቤተሰብ አስተዳድሮ፣ እህቱን ድሮ፣ አንድ ቃል አቃተው። ዝም አይነቅዝም ብሎ የመከረን ሰው ብዙ ቤት አፍርሷል።

«እንጃ» አለ አብኔዘር። «መላ አላጣም።»

ናኦሚም «እሺ፣ አታስብ። እሁድ ይዤልህ እመጣለሁ» አለችና ተጠርታ ይሁን ተቻኩላ ስልኩ ተዘጋ።

እሁድ እመጣለሁ! ሌላውን ሁሉ ረሳው። ቅዳሜ ሥራውን ትቶ ሾላ ገበያ ወረደ። ጥሩ ቲማቲም መረጠ፣ በሶብላ አሽትቶ ገዛ። ከዚያ የቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ዘለቀና ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ሳህኖች ፊት ቆመ። ቤቱ ያለው ሳህን ከንፈሩ የተሸረፈ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነት ቀን አይሆንም። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ አነሳ።

«ግማሽ ደርዘኑን ውሰደው እንጂ የኔ ልጅ፣ እንግዳ አይመጣብህም?» አሉት ሻጯ።

«ሁለት ይበቃኛል እማማ» አላቸው። ፈገግ ማለቱን ያወቀው እሳቸው ፈገግ ሲሉለት ነው።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስብከቱ እንዳለቀ ከማንም ጋር ሳይጨዋወት ወጣ። ቤቱን ወለወለ። ጢሙን ተላጨ፤ የታሰረ መጋረጃ ፈታ። ስጎውን ጥዶ፣ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ስቦ፣ ግማሹ ላይ ሁለቱን ሳህንና ሁለቱን ብርጭቆ አሰናዳ። ኮምፒዩተሩን አልጋው አጠገብ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ፣ አሮጌውን ኩለር አውልቆ፣ የደረቀውን ቅባት ከፕሮሰሰሩ ላይ ጠርጎ አዘጋጀው። ከፊትና ከኋላው አንዳንድ ወንበር አቆመ። እሷ ከኋላ ትይዛለች፣ እሱ ከፊት ያስራል። ቀስ ብዬ ነው የማስረው አለ በልቡ። እያንዳንዱን ብሎን ጥቂት፣ ከዚያ ሌላውን ጥቂት፣ እንደ ደንቡ፤ በመሀል ስለ ጓንግዡ ታወራለታለች፣ ከተሰለቸች ትጮህበታለች። ከዚያ ይበላሉ። ከዚያ እንዲያውም ፔስቱ፣ ማለትም አዲሱ ቅባት፣ እስኪረጋ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል ይላታል። አያስፈልግም፤ ግን ይላታል።

በሩ የተንኳኳው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ነው። ናኦሚ በእሁድ ቀሚሷ፣ ደረጃው እያስተነፈሳት፣ አንድ ከረጢት ይዛ ቆማለች። አንገቱን አቅፋ ሳመችው። «እዝራ ታች መኪና ውስጥ ነው። እናቱ ጋ ተጠርተን በዚህ አለፍን፤ አልቀመጥም። እንካ!»

ከከረጢቱ ያወጣው ሣጥን በአንድ እጅ የሚያዝ ነበር።

«ትልቁን አላመጣሁልህም» አለች፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። «ሁለት ሰው ይፈልጋል ስትለኝ ሌሊቱን ሙሉ አውሮፕላን ውስጥ አሰብኩት። ማን አለው፣ ብቻውን ይታገላል ብዬ አንጀቴን በላኸኝ። ገበያውን ሙሉ ዞርኩልህ። ሻጩ ይቺን አንድ ሰው ይበቃታል አለኝ፤ ቪዲዮ ራሱ አሳየኝ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ አለቀ! ማንንም አታስቸግርም።»

አብኔዘር ሣጥኑን አገላብጦ አየ። ሌላ የሚያይበት ቦታ አልነበረውም። ከእሷ ደግነት ጋር እንዴት ይጣላል? የተናገረውን አንድም ሳታስቀር ሰምታዋለች፤ ጓንግዡ ድረስ ተሸክማው ሄዳለች፤ ከቻይናዎቹ ጋር ተሟግታለታለች። ያልሰማችው ያልተናገረውን ብቻ ነው።

«ግቢ እስቲ፣ ቢያንስ ቁጭ በዪ» አለ።

አንድ እግሯን አስገባች። ከዚያ ቆመች። ዓይኗ ከመጋረጃው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉ ወደ ጠረጴዛው ሄደ፤ ሳህኖቹ ላይ ሲደርስ ቀረ። ዞር ብላ የተላጨ ፊቱን አየች። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«አቢ!» አለች በሹክሹክታ። «ሰው ጋብዘሃል!»

«ናኦሚ፣ እሱ እኮ...»

«አትዋሸኝ! እኔና አንተ ዕድሜያችንን ከአንድ ትሪ ነው የበላነው። በሁለት ሳህን፣ ያውም በአዲስ ሳህን ለኔ አቅርበህልኝ ታውቃለህ? ሴት ናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴት ናት!» ክንዱን ይዛ ነቀነቀችው። «ማናት? ቆይ ቆይ፤ ያቺ ‹አቢ በናትህ› የምትልህ ናት አይደል? ብሩክታይት!»

አብኔዘር አፉን ከፈተ። ሳህኖቹ ያንቺ ናቸው፣ ወንበሮቹ ያንቺ ናቸው፣ ፓስታው ያንቺ ነው ሊል ነበር። ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፣ እመሰክርለታለሁ። ግን እንባዋ ቀደመው።

«ስትፈልግ ትነግረኛለህ፤ ዛሬ ምንም አትበል» አለች ጉንጯን በእጇ መዳፍ እየጠረገች። «እኔ ግን ልንገርህ። የመልሱ ዕለት እትዬ እንቁ ኩሽና ስባ አስገብታኝ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹አንቺ ቤቱን ሞልተሽው ሴት በየት በኩል ትግባ? ወንድምሽ ዕድሜውን ባንቺ ጨረሰ፤ አሁን እንኳ ልቀቂው› አለችኝ። አክስታችን ናት፣ እውነቷን መሰለኝ። ለዚያ ነው የጠፋሁብህ አቢ። ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ አይ፣ ይልመድ ብዬ የወረድኩበት ቀን አለ። ዕድሜህን የበላሁብህ እየመሰለኝ እኮ ትዳሬ ውስጥ እንኳ ደስ ብሎኝ አላደርኩም። ዛሬ እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ እፎይ አልኩ።»

ፊቷን አየው። ትንሽ ሆና ፈተና አልፋ ስትመጣ እንዲህ ነበር የምታበራው። አሁን እውነቱን ቢነግራት ምን እንደሚሆን ፍንትው ብሎ ታየው። ትቀመጣለች፤ ፓስታውን ትበላለች፤ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ደግሞ ያን ዓመት ሙሉ የተሸከመችውን ድንጋይ እንደገና አንስታ ትሸከማለች፤ ወንድሜ ትዳር የለው፣ ሚስት የለው፣ በኔ ምክንያት ትላለች። በየሳምንቱም ትመጣለች፣ እያዘነችለት።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ቆንጆ ኩለር ነው» አለ አብኔዘር። «ተባረኪ።»

«በል ልሂድ፣ መጥታ እንዳታገኘኝ! ስጎው እንዳያርርብህ ደግሞ!» ግንባሩን ስማው ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ሳትደርስ የመዝሙሯ ድምፅ ወደ ላይ ይሰማ ጀመር። በሩ ላይ ቆሞ ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠ።

ኩለሯን ገጠማት። ፔስት ቀባ፣ አስቀመጣት፣ አንዱን ክሊፕ ተጫነ፣ ሌላውን ተጫነ፣ አለቀ። ሻጩ አልዋሸም። ከኋላ ያቆመውን ወንበር ወደ ቦታው መለሰ። ማሽኑን አስነስቶ አንድ የብሩክታይትን ሥዕል ጫነበትና ቁጥሩ ሲወጣ ተመለከተ፤ እንደፈራውም ትንሿ ብረት በዚህ አየር ያንን ሩጫ አልቻለችውም። ስለዚህ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ፋብሪካው ወደሰጠው መለሰው። ፋኑ ወዲያው ዝም አለ። ቀድሞ ቢያንስ ማሽኑ ያጓራ ነበር። አሁን ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጎረቤት ቴሌቪዥን ብቻ ነው። አብኔዘር በአዲሱ ሳህን ፓስታ አቀረበና ተቀምጦ ጥቂት በላ፤ ከዚያ ሹካውን አስቀምጦ አለቀሰ። ብቻውን መሆን ከብዶታል፤ ሌላ ምንም አይደለም፤ ብቻውን መሆን በጣም ከብዶታል።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ዘገየ። ብሩክታይት ጥቂት ጊዜ «አቢ ዘንድሮ ምን ሆነሃል?» ስትል ቆይታ ሥዕሎቿን ለሌላ ሰው መስጠት ጀመረች፤ አልተቀየማትም፣ ልጅቷ ሥራ ላይ ናት። የድምፅ መልእክቷም በዚያው ቀረ። ናኦሚ ግን መደወል አበዛች። ድምፅዋ እንደ ዱሮው ሆነ፣ ችኮላው ጠፋ፣ ትቀልዳለች፣ ትስቃለች። ለእትዬ እንቁ ነግራታለች፤ እትዬ እንቁ ለሆሳዕና ዘመዶች ነግራለች፤ የጸሎት ቤት እህቶች ተሰብስበው ለሁለቱ ይጸልያሉ። አብኔዘር አዎ ብሎ አያውቅም። ጊዜው ይደርሳል ይላል፣ ገና ነው ይላል፤ እሷም ሚስጥረኛነቱን ታውቃለችና ሳቋን ትለቃለች።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

«እሁድ እረፍት ነኝ» አለች። «እዝራም የለም፤ መስክ ወጥቷል። ልመጣ አስቤ ነበር።»

አብኔዘር ከወንበሩ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ አያውቅም። «እና ነይ...»

«ከዚያ ደግሞ ራሴን ተቆጣሁ። እሁድ እኮ የናንተ ቀን ነው! ሰው አንድ ቀን አለው፣ እሱንም መጥቼ ልበጠብጥ? ተውኩት።»

«ናኦሚ።»

«አቤት የኔ ጌታ!»

በዚያ አቤት ውስጥ ያለው ደስታ እንደ እንጀራ ልጅ ገፋው፤ የትም የሚገባበት አልነበረም። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ምንም» አለ። «ደህና ነሽ ወይ ልልሽ ነው።»

«ደህና ነኝ! እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። በል እሁድ ሰላም በልልኝ እሺ? እህቴ በጣም ትወድሻለች በላት።»

«እሺ» አለ አብኔዘር። «እነግራታለሁ።»